በየትኛው እጅህ ነው የምትጫወተው?

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ወታደሮች አራት ተማሪዎችን ቼሎ ሳስተምር ነበር ያገኙኝ። አንደኛው ቼሎውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይሄ ትልቅ ማሲንቆ ነው?» አለኝ። «ዘመዱ ነው» አልኩት። ተማሪዎቼን «መልመጃውን ቀጥሉ፣ እመለሳለሁ» ብያቸው ወጣሁ። የተመለስኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ያሰሩን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ የጉና ብርድ እንደ ልቡ ይገባል። መስኮት የለውም፤ የነቀዘ ስንዴ ይሸታል። አብዛኞቻችን መምህራን ነበርን። ጥፋቴን ስጠይቅ ስብሰባ ላይ ተናግረሃል ተባልኩ። የተናገርኩት የክፍላችን ጣሪያ እንደሚያፈስ ነበር።

የምተኛው ከአንድ ሽማግሌ የድጓ መምህር አጠገብ ነው። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ከጣራ ገዳም በኩል ያመጧቸው «ሦስት ተማሪዎችዎ ጫካ ገብተዋል» ተብለው ነው። ማለዳ ማለዳ በለሆሳስ ያዜማሉ፤ እኔ ጉልበቴ ላይ በጣቶቼ እከተላቸዋለሁ።

«የዚያ የቼሎህ ድምፅ እንዴት ያለ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንደ አንቱ ድምፅ ነው የኔታ፣ ጉንፋን ሲይዝዎ።»

ሳቁ። እዚያ ቤት ከልቡ የሳቀ ሰው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ለጠባቂዎቹ አዛዥ እንግዶች መጡለትና ግቢው ውስጥ በግ ታረደ። ማሲንቆ አስመጥቶ «ያ የሙዚቃ መምህር የታለ?» አለ። እስረኛውን ሁሉ አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩት፤ እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ማሲንቆውን ቃኘሁት። ደጋን ከያዝኩ ወራት አልፎኝ ነበርና ደስ አለኝ፤ መደሰቴም አሳፈረኝ።

«ዛሬ ካስደሰትከኝ ነገ ቤትህ ትገባለህ» አለ አዛዡ። ከዚያ እንደ ጠጅ ቤት ወግ «ተቀበል!» አለኝ። እንዲህ ሲባል አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ምንም ሳይቀንስ በዜማ መልሶ ማለት አለበት። አዛዡ ግጥሙን ሰጠኝ፦

«የኔታ ታሰሩ ድጓቸውን ጥለው፣
ተማሪውን ሁሉ ሽፍታ ሁኑ ብለው።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። የኔታ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ጥምጥማቸውን ከወሰዱባቸው ቆይቷል፣ ራሳቸው ገላጣ ነው። እጄ ዜማውን ይጫወታል፤ አፌ ግን አልተከፈተም።

«ተቀበል እንጂ!»

«በለውና ውጣ ልጄ» አሉኝ የኔታ ቀስ ብለው። «እኔ እንደሁ ሸምግያለሁ። ስድብ አይገድለኝም።»

ከልባቸው ነበር። ቤቴን አሰብኩ፣ እናቴን አሰብኩ። አልዋሽም፣ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ነገ ቤቴ እገባለሁ፤ እሳቸው በእኔ ድምፅ የተሰደቡትን ይዘው እዚያ ይቀራሉ። ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ማሲንቆውን በርጩማው ላይ አስቀምጬ ሄድኩና ከየኔታ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አዛዡ አልጮኸም። አጠገቤ መጥቶ ቆመና «በየትኛው እጅህ ነው የምትጫወተው?» አለኝ።

ደጋኑ ሲሄድ ሲመጣ የሚያይ ሰው ሙያው ያለው ቀኝ እጅ ላይ ይመስለዋል። በማሲንቆም ሆነ በቼሎ ግን ዜማውን የሚያወጡት ክሩን የሚጫኑት የግራ ጣቶች ናቸው። ቀኝ እጄን መሬት ላይ ዘረጋሁለት።

አንዱ ጠባቂ በጫማው ሁለት ጊዜ ረገጠው። የኔታ ከነጠላቸው ቀድደው አሰሩልኝ። «ምነው ብትለው፣ ምነው ብትለው» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ታመው አረፉ። ማረፋቸውን ያወቅነው ማለዳ ዜማቸውን ስናጣ ነው።

ዛሬም እዚያው ክፍል አስተምራለሁ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት አትታጠፍም፤ ደጋን ስይዝ ተገትራ ትቀራለች። ክንዴ ቶሎ ስለሚዝል መድረክ ላይ መጫወት ትቻለሁ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሰኔ ከአዲስ አበባ የመጣ ፈታኝ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» አለኝ። «ግን ደጋን ሲይዙ ሁሉም ትንሿን ጣት የሚገትሩት ለምንድን ነው? ይሄ የየት አገር አያያዝ ነው?»

እስከዚያን ቀን ልብ አላልኩትም ነበር። «አርማቸው» ብሎኝ ሄደ። ላርማቸው ብል፣ ጣቴ ለምን እንደተገተረች ልነግራቸው ነው። እስካሁን አላረምኳቸውም።