የሃዊ ረቡዕ

አምቦ ከተማ ዳር፣ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግፌ የሚባል መምህር አለ። የሰፈሩ ወላጆች ግን በስሙ አይጠሩትም፤ «ኦቦ ለምን ቀረ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት እንዲያው አይደለም። ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ተደውሎ ልጆች ወደየክፍላቸው እንደገቡ፣ የተማሪ ክትትል የያዘው ዩኒት ሊደሩ ደግፌ በየክፍሉ እየዞረ የቀሩትን ልጆች ስም በትንሽ ማስታወሻ ይለቅማል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የቀረ ልጅ ያለበት ቤት በር ሁሉ ይንኳኳል።

«ለምን ቀረ?»

ልጁ ታሞ ከሆነ ግንባሩን ዳብሶ፣ እግዜር ይማርህ ብሎ ይሄዳል። እናቱ ገበያ ስትወጣ ሕፃን ጠብቅ ብላው ከሆነ ግን ሕፃኑን ጭምር ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቀን የስምንት ወር ሕፃን ታቅፎ ቢሮው ውስጥ እስከ ስድስት ሰዓት እሹሩሩ ሲል የዋለ ሰው ነው። አንዲት ጠላ ሻጭ «ይኼ ሰውዬ እኔ ብሞት እንኳ ልጄን ከለቅሶዬ ላይ ሊወስደው ይመጣል» ብላ አስቃለች። ወረዳው ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ሰጥቶታል። አንዱንም ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም። ሰው ሁሉ ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አይደለም፤ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። ያኔ ደግፌ የአምስተኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ ነበር። ስድሳ ስምንት ተማሪ ነበረው። ሰነፍ መምህር አልነበረም፤ ሒሳብ ሲያስተምር ጠመኔው ጣቱ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ስም መጥራት ግን ይሰለቸዋል። ስድሳ ስምንት ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ የክፍለ ጊዜው ሩብ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አንድ ዘዴ ነበረው። ሰኞ ጠዋት አንዴ ይጠራና እስከ ዓርብ ያለውን ሳጥን በሙሉ ተገኝቷል ብሎ ይሞላዋል። በሳምንቱ መሀል የቀረ ልጅ ዓይኑ ከገባ ያርመዋል፤ ካልገባም እንዲያው ያልፋል። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ደብተሩ ባዶ እንዳይሆን ይፈልጋል እንጂ መቼ እንደተሞላ አይጠይቅም። ይህን ማንም ውሸት ብሎ አይጠራውም ነበር፤ ሥራ ማቃለል ነው የሚባለው።

በስም መጥሪያው ላይ ስሞቹ በፊደል ተራ ይጻፋሉ። ተራ ቁጥር አንድ ሃዊ ሙለታ ነበረች።

ሃዊ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የምትመጣው ከወንዝ ማዶ ነው። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ የምታሳድጋት እናቷ ኡርጌ ናት። ሁሉቃ ሲሞላ ልጅቷ ከተማ ውስጥ አክስቷ ቤት ታድራለች። በዚያ ሳምንት ሰኞ ከባድ ዝናብ ጣለና ሃዊ አክስቷ ጋ አደረች። ማክሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን ይዛ ወጣች። አመሻሹ ላይ ስትቀር አክስትየዋ «ዝናቡ አባርቷል፣ እናቷ ጋ ተሻግራለች» አለች። እናትየዋ ደግሞ «ወንዙ ገና አልጎደለም፣ አክስቷ ጋ ናት» አለች። ሁለቱም ሌሊቱን በሰላም ተኙ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኡርጌ ቅቤዋን ሸጣ ስትመለስ ትምህርት ቤት ጎራ አለች። የጠዋቱ ፈረቃ ተለቅቋል፤ ዝናቡ ሳይመጣ ወንዙን መሻገር ስላለባት አክስትየዋ ቤት የመሄጃ ጊዜ የላትም። በጨርቅ የቋጠረችውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ለርዕሰ መምህሩ ሰጥታ «ነገ ለልጄ ስጡልኝ። ደህና ናት? ትማራለች?» ብላ ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ የአምስተኛ «ለ»ን ደብተር ገለጠ። ሰኞ ተገኝታለች። ማክሰኞ ተገኝታለች። ረቡዕም ተገኝታለች። ሐሙስና ዓርብም ተሞልተው ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ አይቶ እንዳላየ አለፈው፤ እሱም በመምህርነቱ ዘመን እንዲሁ ያደርግ ነበር። «ዛሬም ነበረች፣ ሐሳብ አይግባዎት» አላት። ኡርጌ መርቃው ሄደች።

በማግስቱ ደግፌ ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ነግሮ የሰጠውን ጭኮ ይዞ ክፍል ገባ። «ሃዊ ሙለታ!» ብሎ ተጣራ። አብራት የምትቀመጠው አቢጊያ የምትባል ልጅ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ሃዊ ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጣችም። ብቻዬን ነው የምቀመጠው።»

«ተቀመጪ» አላት ደግፌ።

ቢሮ ሄዶ የሐሙስን ምልክት ፍቆ «ቀሪ» ብሎ ጻፈ፤ የዓርብንም ፍቆ ባዶ ተወው። የማክሰኞንና የረቡዕን ሊፍቅ እጁን ሲዘረጋ ግን ቆመ። ርዕሰ መምህሩ ትናንት ለእናትየዋ ነበረች ብሏታል። ይህን መፋቅ እሱንም አለቃውንም ማጋለጥ ነው። «ሰኞ ትመጣለች» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

ሰኞ የመጣው ፖሊስ ነው። ቅዳሜ ኡርጌና አክስትየዋ ገበያ ላይ ተገናኝተው «ሃዊስ?» «አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?» ተባብለው፣ ጩኸቱ ከተማውን ሞልቶት ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ሸንኮራ የምትሸጥ ባየሽ የምትባል ሴት ለፖሊሱ ቃሏን ሰጠች፦ ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷን በዩኒፎርሟ እንዳለች ከአንዲት ሴት ጋር የባኮ ሚኒባስ ስትገባ አይቻታለሁ አለች። ፖሊሱ ይህን ይዞ ደግፌ ዘንድ መጣ።

«መምህር፣ ማክሰኞና ረቡዕ ክፍል ውስጥ ነበረች?»

ርዕሰ መምህሩ አጠገቡ ቆሟል። ኡርጌ በሩ ላይ ቆማ አፍ አፉን ታያለች። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል።

«ነበረች» አለ ደግፌ።

ከዚያ ወዲያ የባየሽን ነገር ማን ይስማ! ረቡዕ ክፍል የዋለች ልጅ ማክሰኞ እንዴት ባኮ ትሄዳለች? ኡርጌ መናኸሪያው ድረስ ሄዳ «በልጄ ነፍስ ወሬ ታሳምሪያለሽ?» ብላ በሰው ፊት ተፋችባት። አገሩ ሁሉ፣ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደራሽ ውኃ ወስዷታል ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአጣና ሁሉቃን ሲያምሱት ሰነበቱ። ደግፌም አብሯቸው ነበር። እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ እዚያ እንደሌለች እያወቀ፣ አጣናውን ጭቃው ውስጥ ይሰካ ነበር። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ልረግመው ይቃጣኛል፤ መልሼ ደግሞ አዝንለታለሁ።

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ሆዱ ግን አልፈጀለትም። በዓመቱ፣ ያው ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ኡርጌ ከወንዝ ማዶ መጣች።

«አከም ቡልቴ ባርሲሳ» አለችው፣ እንዴት አደርክ ስትል። አማርኛ ስታወራም መምህር አትለውም፤ በቋንቋዋ ባርሲሳ ነው የምትለው። «ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት አንተ ነህ። ሬሳ እንኳ አላገኘሁም። ያቺን ረቡዕ ንገረኝ።»

ምን ይበላት! «ሰሌዳ ላይ ወጥታ ክፍልፋይ ሠራች» አለ።

«አገኘችው?»

«አገኘችው፤ ልጆቹ አጨበጨቡላት።»

ኡርጌ ፈገግ ብላ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ምን ለብሳ ነበር አለችው፤ ከዩኒፎርሟ ላይ አረንጓዴ ሹራብ ደርባ ነበር አላት። በሦስተኛው ዓመት ሳቀች ወይ አለችው፤ ሳቀች አላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶች። የደግፌ ስንቅ ግን በየዓመቱ ይጨመርበት ነበር።

ዩኒት ሊደር የሆነው ለምኖ ነው። ማንም የማይፈልገውን፣ አበል የሌለውን ሥራ ለምኖ ሲወስድ ባልደረቦቹ ሳቁበት። በየቤቱ የሚዞረው አንድ ልጅ ከአንድ ቀን በላይ ሳይታወቅ እንዳይጠፋ ነው። ችግሩ፣ ሃዊም አብራው መዞሯ ነው። ክፍል ገብቶ ስም ሊጠራ ደብተሩን ሲገልጥ፣ ገና አፉን ሳይከፍት አንዲት ቀጭን «አቤት» ትሰማዋለች። ቀና ሲል ልጆቹ ሁሉ ዝም ብለው ያዩታል። በር ሲያንኳኳም እንዲሁ ነው፤ በሩ ገርበብ ሲል፣ የቤቱ ልጅ ብቅ ከማለቱ በፊት፣ አረንጓዴ ሹራብ ውልብ ይልበታል። ሹራቡን የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነበር።

በ2017 ግንቦት ውስጥ ከመምህራን ኮሌጅ ተለማማጆች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። አንዷ ቀጠን ያለች፣ ትንሽ የምትናገር ልጅ ናት። ሰኞ ከረፋዱ ላይ ደግፌ የስም መጥሪያዎችን ሰብስቦ ሲያገላብጥ የእሷን አገኘ። እስከ ዓርብ ተሞልቷል። ደሙ ፈላ። ሌሎች መምህራን ባሉበት ጮኸባት። «ይኼ ምንድን ነው? ነገ ማን እንደሚመጣ በምን ታውቂያለሽ? ልጅ ቢጠፋስ?»

ልጅቷ ደብተሩን ተቀበለችው። መምህራኑ እስኪወጡ ጠብቃ ነው የመለሰችለት።

«ጥፋተኛ ነኝ። ግን ቲቸር፣ እርስዎም ሰኞ ነበር የሚሞሉት። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። አላወቁኝም? አቢጊያ ነኝ።»

ደግፌ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ያኔ ሃዊ ማክሰኞ አልመጣችም ብዬ ነግሬዎት ነበር» አለች አቢጊያ። «ፖሊሱ ሲመጣ ግን ነበረች አሉ ተባለ። ተማሪ መምህሩን ያስተባብላል? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ አደግሁ። እስካሁንም እኔ ብሳሳት ይሻለኛል። ተሳስቼ ነበር?»

«አልተሳሳትሽም» አላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልወጣ ነገር ነበር፤ ሲወጣ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ኡርጌ መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ አንድ እግሯንም ትጎትታለች። ወንበር ስቦላት ገና ሳትቀመጥ «እህ ባርሲሳ፣ እስቲ ያቺን ረቡዕ...» ስትል አቋረጣት።

«አዴ ኡርጌ፣ ረቡዕ አልነበረችም። ማክሰኞም አልነበረችም። ደብተሩን ሰኞ ነው የሞላሁት። ሰሌዳ ላይ አልወጣችም፣ ሹራብም አላየሁም። ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

እንድትመታው ፈልጎ ነበር። እንድትጮህ፣ ጥበቃው ሮጦ እንዲመጣ፣ አገር እንዲሰማ ፈልጎ ነበር። ኡርጌ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ጭኮውስ?» አለች።

ደግፌ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አሮጌውን ስም መጥሪያና የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። ጭኮው ያኔውኑ ሻግቶ ተጥሏል፤ ጨርቁን ግን አጥቦ አስቀምጦታል። ኡርጌ ጨርቁን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ጉያዋ ከተተችው።

«የቷ ናት ልጄ?» አለች ወደ ደብተሩ እያየች። ማንበብ አትችልም።

የመጀመሪያውን መስመር አሳያት። በአውራ ጣቷ ስሙን ያዘችው።

«አሁን እውነቱን ጻፍ።»

ማክሰኞ ላይ ቀሪ ብሎ ጻፈ። ረቡዕ ላይም ቀሪ ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው መስመሩን ስቶ ወጣ።

«ያ ዋቅ! ያቺን ሴት ተፋሁባት» አለች ኡርጌ። «ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞርኩባት። ተነሣ።»

ባየሽ አሁንም መናኸሪያው በር ላይ ናት፤ አርጅታለች፣ ሸንኮራዋን ግን እዚያው አጥር ላይ አስደግፋለች። ሁለቱ ሲመጡባት ቢላዋዋን አስቀመጠችና ጠበቀች። ኡርጌ ከፊቷ እግሯ ሥር ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ባየሽ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ፣ ተይ። እኔም እናት ነኝ» አለቻት። «ነጭ ሚኒባስ ነው። ሴትየዋ ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት፤ ባኮ በቆሎ የምትነግድ ናት። ልጅ እያግባባች ለሰው ቤት ሥራ ትወስዳለች ይሏታል። ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት እዚህ ስትመላለስ አይቻታለሁ።» ከዚያ ደግፌን ቀና ብላ አየችው። «ለማን ልንገር? ውሸታም ተብያለሁ።»

ሁለት ዓመት። ደግፌ አጥሩን ተደገፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት በዚህ በር ገብታ ስትወጣ እሱ በየቤቱ እየዞረ በር ሲያንኳኳ ነበር።

አጠገባቸው ያለው ሚኒባስ ረዳት «እጃጂ፣ ባኮ! የሞላ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ኡርጌ እግሯን እየጎተተች ሄዳ የሚኒባሱን በር ያዘች። ደግፌን ትምህርት ቤቱ፣ የዛሬዎቹ ቀሪዎች ስም ያለበት ማስታወሻ፣ ፖሊስ፣ ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታሰቡት። «አዴ ኡርጌ፣ ዘጠኝ ዓመት እኮ አለፈ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ባርሲሳ» አለችው፣ በሩን እንደያዘች። «ለቀረ ልጅ ሁሉ ቤቱ ድረስ ትሄዳለህ ሲሉ እሰማለሁ። የኔዋም ቀርታለች። ግባ።»

ደግፌ ገባ።