ለቅሶ ቤት የወደቀው ቀለህ

ማሪዬታ የምትባል የፈረንጅ ከተማ ስንኖር ባሌ ዒላማ መተኮስ ጀመረ። የተኮሰውን ቀለህ ለቃቅሞ ያመጣና አጥቦ፣ ባሩድ ሞልቶ ሪሎድ ያደርገዋል፣ እንደገና ለተኩስ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። በምን ያጥባል? በልብስ ማጠቢያ ማሽኔ! በሎሚና በዕቃ ሳሙና! ብል ብሠራ፣ «ቤቢ፣ ሪላክስ አድርጊ፣ እንደ ወርቅ እኮ ነው የሚያበራው» ይለኛል።

አንድ እሁድ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከተማ፣ ኢስት ፖይንት፣ ለቅሶ ሄድን። ነጠላዬን ላስተካክል ሳራግፈው፣ ማሽኑ ውስጥ የተሸጎጠበት ቀለህ ቅጭል ብሎ ሀዘንተኞቹ መሀል ወደቀ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባሌ እቴ፣ ጣራ ጣራ ያያል!

አንድ ኮስታራ ሽማግሌ አጎንብሰው አነሱት። ወደ መብራቱ አዙረው አዩትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ በምንድን ነው የምታጥቡት? የእኔ በኮምጣጤ እየጠቆረ አስቸግሮኛል።»