አንቱ የተባልሁ ሰው

በእኛ አገር ሰው አንቱ እስኪባል ብዙ ይደክማል። አንዱ ቅኔ ይዘርፋል፣ አንዱ ድግስ ይደግሳል፣ አንዱ ጢሙ እስኪሸብት ድረስ የሰው ጠብ ሲያበርድ ይኖራል። እኔ ይታገሱ ገደፋው ግን ጢሜ በወጉ ሳያቀመቅም፣ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥዬ ሳለሁ አንቱ ተባልሁ። ያለኝም የገዛ አባቴ ነው።

እናቴ ቻይነሽ ይታገሱ ብላ ስም ያወጣችልኝ ትዕግሥት እንዲኖረኝ አስባ ነበር። ስሙ ግን ከእኔ ጋር ለሚውሉ ሰዎች የተሰጠ ምክር ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ገባ ባለ ሰሞን ነው። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው ማሳችን ላይ በሬዎቻችንን ቦራንና ዳለቻን ጠምጄ አርሳለሁ። አባቴ ዳር ቆሞ ትልሜን ሲያይ ቆየና፣ በዚህ ትልም እባብም ቢሆን ካልሰከረ አይሄድበትም አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ዘር ሊያመጣ ወደ ቤት እንደ ዞረ፣ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው እርሻው መካከል አቁሜ ወደ አስፋልቱ ወረድሁና ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ጀግና የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ ለምን እንደሚስቅ የገባኝ ቡሬ ስንደርስ ነው፤ የአባቴን ጅራፍ አንገቴ ላይ እንደ ጠመጠምሁት ነበር።

ዕቅዴ ሾፌር መሆን ነበር። በራሴ መኪና ማንኩሳ ገብቼ፣ ደጃፋችን ላይ ክላክስ አሰምቼ፣ አባቴ ወጥቶ ሲደነግጥ እስከማየት ድረስ አስቤበታለሁ። መሪ እጨብጣለሁ ብዬ ሄጄ በር ጨብጬ ቀረሁ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆንሁ። የበሩ መያዣ ሲሰበርም ጅራፉን አሰርሁበትና በሩን በእሱ እየጎተትሁ እዘጋ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። ከአገር ሰው የሰማሁት፣ ስሜ ሲነሣ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እንደሚሄድ ብቻ ነው። እኔም ማንኩሳ ስንደርስ ፊቴን ወደ ማዶ አዞር ነበር። ለረዳት ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጀርባ ሰጥቶ ተሳፋሪ መጥራት ብዙ ያስቸግራል።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ማንኩሳ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ስጣራ አንድ ሰው ዱላውን አስቀድሞ ገባ። ዞር ስል አባቴ ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እኔን አየኝ፤ ጅራፉን አየው፤ ከዚያ ወደ ደጅ ማየት ጀመረ። ፍኖተ ሰላም ስንቃረብ ሒሳቡን ሲዘረጋልኝ እጄን ሰብስቤ፣ አባባ ይተዉት አልሁት። እሱም ድምፁን ሳያነሣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለኝ፦

«አንቱ፣ ይቀበሉኝ እንጂ። ከማላውቀው ሰው ውለታ አልሻም።»

ተቀበልሁት። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ፣ ምን ያሉ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፣ ለረዳት እንኳ አንቱ ይላሉ እያሉ ተደነቁ። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ቢሰድበኝ፣ ዱላውን ቢያቀምሰኝ ልጁ ነኝ ማለት ነው። አንቱ ሲለኝ መንገደኛ አደረገኝ። ወርዶ ሲሄድ ከመኪናው ኋላ ዞሬ፣ ጎማ ሥር ቁጢጥ ብዬ አለቀስሁ። ሾፌሩ ጎማ የማይ መስሎት ነፋሱ ጎድሏል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናም መሪም አላማረኝም፤ የተመኘሁት አባቴ አንድ ጊዜ አንተ እንዲለኝ ብቻ ነው።

የንስሐ አባታችንን ቄስ ክንፈሚካኤልን ሄጄ ለመንኋቸው። እሳቸውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይዘው እንደሚገቡልኝ፣ እኔም እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ አባቴ እግር ላይ እንድወድቅ ነገሩኝ። ድንጋዩ ጌጥ አይደለምና በልክህ ይሁን አሉኝ። የእሳቸው ንግግር ሰምና ወርቅ ስለማያጣው ወርቁን ስፈልግ ሰሙም አመለጠኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ቀድመውኝ ገቡ። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ድንጋይ አማርጣለሁ። ትንሹን ሳነሣ በደሌን ያቃለልሁ መሰለኝ፤ ትልቁን ስሞክር ወገቤ እንቢ አለ። በመጨረሻ ማሳችን ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ለአንገት የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ አገኘሁ። መሬቱ አለቅም ብሎ ታገለኝ። ንስሐ ማለት መድከም ነው እያልሁ ወዘወዝሁና ነቀልሁት።

ቤት ስደርስ አባቴ መደቡ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኙን ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን አያ ስመኘውም አብሯቸው አለ። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ድንጋዩን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ በድያለሁ፤ ስለ መድኃኔ ዓለም ይማሩኝ» አልሁ።

ቄስ ክንፈሚካኤል የልመናውን ቃል ሊጀምሩ ሲሉ አያ ስመኘው ከመቀመጫው ብድግ አለ። ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ነው። አባቴም ጎንበስ ብሎ አየው።

«አንተ!» አለ አባቴ። «አንተ ወሰን የማታውቅ! ይህን ከየት ነቅለህ ነው ያመጣኸው?»

እኔ ምኑም አልገባኝም። እናቴ ናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሳቋንም ልቅሶዋንም እየዋጠች ያስረዳችኝ። ያን ቀን ጥያቸው የሄድሁት በሬዎች ሞፈሩን እየጎተቱ አያ ስመኘው ማሳ ገብተው የበርበሬ ችግኙን አረሱት። ከካሣው ጠብ የወሰን ጠብ ተወለደ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር እስከ መግባት ደረሱ። ሽማግሌ ለፍቶ ለፍቶ ባለፈው ዓመት መሬቱን ለካና አስታረቃቸው፤ ለምልክትም ማሳው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ተከለ። መጀመሪያ በሬ ጥዬ አጣላኋቸው፣ አሁን ደግሞ የእርቃቸውን ድንጋይ ነቅዬ ይቅርታ ልለምንበት መጥቻለሁ።

መደንገጥ ነበረብኝ። ጆሮዬ ግን የያዘው አንዲት ቃል ብቻ ነው። አንተ ብሎኛል! ከድንጋዩ ሥር ሆኜ ፈገግ አልሁ። አባቴ ደግሞ ይስቃል እኮ ብሎ በንዴት ለሽማግሌዎቹ ከሰሰኝ።

ይቅርታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ቦታው ይግባ አለ አባቴ። አያ ስመኘው ከፊት፣ አባቴ ከኋላ፣ እኔ ከነሸክሜ መካከል ሆነን ወጣን። ደግነቱ ጉድጓዱ አፉን እንደ ከፈተ ነበር፤ በቦታው አልተከራከርንም። ሳቆመው አያ ስመኘው ራቅ ብሎ አየና ወደ እኔ ማሳ አዘነበለ አለ። ሳቀናው አባቴ ወደ እኛ መጣ አለ። እንዲህ እያልን ቆየንና አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ተወው፣ እንደ ትልምህ አደረግኸው» ብሎ ተንበረከከና ድንጋዩን ራሱ ያዘው። እኔ አፈሩን እየመለስሁ በእጄ ጠቀጠቅሁ። የጋቢው ጫፍ አፈር ላይ ይጎተታል። እጁን ከቅርብ ሳየው ጅማቱ ወጥቶ፣ ቆዳው ሳስቶ፣ አርጅቷል። እኔ ቡሬ ላይ በር ስዘጋና ስከፍት ይህ እጅ ብቻውን ሲያርስ ከርሟል። አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ፤ ዕንባዬም በገባው አፈር ላይ ተንጠባጠበ።

«ይቅር ለእግዜር» አለ አባቴ፣ ከድንጋዩ ቀና ሳይል።

አያ ስመኘው ይቅር ይበለን አለና ቀድሞን ወደ ቤት አዘገመ። ሽማግሌዎቹ ያን ያህል ተዘጋጅተው መጥተው ይቅርታውን የሰሙት ከእሱ አፍ ነው። አባቴ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ፤ ድንጋዩን ዞሮ አየው፤ ከዚያ እኔን።

«ጅራፌን ከዚያ በር ላይ ፈትተህ ማክሰኞ ይዘኸው ና» አለኝ። «የሚታረስ አለ።»

ሰኞ ቀኑን ሙሉ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ የሚኒባሱን በር በእጄ ይዤ ዋልሁ።