ሞቃ የጠበቀቻቸው የናፍጣ መኪና

ሰሞኑን መኪና ፍለጋ ላይ ነኝ። አዲስ አላልኩም፤ አቅሜን አውቃለሁ። ጠዋት ሥራ አድርሳ ማታ ቤት የምትመልሰኝ፣ ዳገት ላይ የማታሳፍረኝ፣ ያገለገለች የናፍጣ መኪና ብትገኝልኝ ይበቃኛል። ባለፈው የዕረፍት ቀኔ፣ ባለመኪኖች መስታወታቸው ላይ "ይሸጣል" የሚል ወረቀት ለጥፈው ወደሚቆሙበት መንገድ ዳር ወረድኩ። ከዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ግራጫ መኪና ዓይኔን ያዘችው። ጎማዋ ደህና ነው፣ ቀለሟም አልተነካካም። ኮፈኗን ላስከፍት ስጠጋ፣ ነጭ ጋዋን ክንዳቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ስልሳን የተሻገሩ ቀጭን ሰው እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"አሁን እንዳታያት" አሉኝ። "አሁን ነድቻት መምጣቴ ነው፤ ሞቃለች። ነገ ማለዳ ቤት መጥተህ፣ ሳላስነሳት እያት።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ሻጭ ነዎት ወይስ የገዢ ጠበቃ?"

ከልባቸው ሳቁ። ጥርሳቸው ያምራል። ዓይኔ እዚያ ላይ ማረፉን አዩና፣ "ሦስቱ የእጄ ሥራ ናቸው" አሉኝ። "የትኞቹ እንደሆኑ ካወቅህ መኪናዋን በነፃ ውሰዳት።"

ትኩር ብዬ አየሁ። አላወቅሁም። እዚያው መንገድ ዳር ያለ የአጥር ግንብ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ እኔ ወሬ ካገኘሁ መኪና ሊጠብቅ ይችላል።

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ናቸው። ሐኪሞች የታካሚውን የአፍ ልክ በጀሶ ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው ጓሯቸው ባለች ጠባብ ክፍል በሰም ይቀርጻሉ፣ ይሞርዳሉ፣ መስኮት ሥር ቆመው ቀለም ያስተያያሉ። ነጭ አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ሰው ያስቃቸዋል። ባለቤታቸው "አንተ እኮ ሰው ሲያናግርህ ዓይኑን አይደለም የምታየው" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ሥራ የሚወስዱት ከሦስት ክሊኒኮች ነው፤ ሦስተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ረጅም ዳገት ጫፍ ላይ ይገኛል። የቀድሞ መኪናቸው አርጅታ ሁለት ጊዜ ካስቀረቻቸው በኋላ፣ የዚያኛው ክሊኒክ ሐኪም በትሕትና፣ ግን ፍርጥ አድርጋ ነገረቻቸው፦ አንድ ቀጠሮ ከእንግዲህ ካለፈ ሌላ ሠሪ ትይዛለች።

"ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የምትነሳ መኪና ያስፈልገኝ ነበር" አሉኝ። "ሌላ ምንም አልፈለግሁም። መነሳት ብቻ።"

"እና እንዴት መረጡ?"

"እኔ መች መረጥኩ! መካኒክ ጓደኛ አለኝ።" ጋዋናቸውን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩ። "ነበረኝ። ጆሮ ነው የምንለው። ሞተር ከመንገድ ማዶ ሲያልፍ ሰምቶ ሕመሙን ይነግርሃል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤተሰብ ነበርን። ልጆቼ አጎታችን ነው የሚሉት። የእናቱን ሙሉ ጥርስ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ የእሱንም የላይኛውን።"

የናፍጣ መኪና አመራረጥ ያስተማራቸውም ይኸው ሰው ነው። ትምህርቱን በጣታቸው እየቆጠሩ አወረዱልኝ። "ማለዳ በብርድ ሂድ። መጀመሪያ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፤ ከሞቀ ባለቤቱ ቀድሞ አሙቆልሃል፣ ዞር በል። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሳ፤ ነጭ ጭስ ካንቦለቦለች ዞር በል። ስትሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ እንደ ማንቆርቆሪያ ከተነፈሰች ዞር በል። የጆሮ ምክር ሁሉ መጨረሻው 'ዞር በል' ነው።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆሮ ደወለ።

"አንተ ጥርስ ነቃይ!"

"ተካይ ነኝ፣ ስንቴ ልንገርህ።"

"ተካዩ፣ አግኝቼልሃለሁ። እንደ ሚስቴ ዝም ያለች መኪና።"

"ሚስትህ ደግሞ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች?"

"ለዚህ እኮ ነው መኪናዋን የወደድኳት!"

በማግስቱ ማለዳ ጆሮ ጋራዥ ሄዱ። ግራጫዋ መኪና ታጥባ ቆማለች። ጥርስ ሠሪው እንደተማሩት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

"ሞቃለች" አሉኝ፣ መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ። "ጆሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሳልጠይቀው 'ከማዶ ሰፈር ነድቼ አምጥቻት ነው' አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። ምን ልበለው? ሃያ ሁለት ዓመት ገበታ የተጋራን ሰው 'አላመንኩህም፣ ትቀዝቅዝና ነገ ልምጣ' ይባላል?"

"ይሉኝታ ያዘዎት።"

"መያዝ ብቻ! እጅና እግሬን አስሮ መኪናዋ ውስጥ አስገባኝ እንጂ።"

አስነሷት፤ ድምፅዋ እንደ ተባለው ለስላሳ ነው። የዘይቱን ክዳን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ጆሮ ትከሻቸውን መታ አድርጎ "እኔ አይቼዋለሁ" አላቸው። በዚያው ቀን ፈረሙ። ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ "ጆሮ አይቷት የለ? በቃ" አሉ። ሳምንታቱ ሞቃታማ ስለነበሩ መኪናዋም ታግሳ ሰነበተች።

ከዚያ ብርዱ ገባ። የዳገቱ ክሊኒክ ደንበኛ የሆነ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የፊት ጥርሶቹን አጥቶ፣ በትምህርት መክፈቻ ቀን ንግግር ያደርግባቸው ዘንድ ሦስት ጥርሶች ታዝዘውለታል። ጥርሶቹ በትንሽ ሳጥን ታሽገው ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጥርስ ሠሪው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሯ አጓራች፣ አልተነሳችም። ደግመው አዞሩ። በአምስተኛው ግቢው ነጭ ጭስ በጭስ ሆነ፤ ጎረቤታቸው ከበረንዳ "እሳት ነው እንዴ?" ብላ ጮኸች፣ ሞተሯም ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ለጆሮ ደወሉ። አያነሳም። እንደገና ደወሉ። አያነሳም።

"ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሁለት ሰዓት መድረስ የነበረብኝ አራት ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ዳይሬክተሩ አፉን በእጁ ሸፍኖ ንግግሩን አድርጎ ጨርሷል። ልጆቹ እያዛጋ መስሏቸው ነበር አሉ።" ሳቅ ሞከራቸውና ተዉት። "ሐኪሟ 'ጋሼ፣ በጣም ነው የማከብርዎት' አለችኝ። እንዲህ ስትልህ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። የዚያን ቀን ሌላ ሠሪ ያዘች።"

መኪናዋን አስጎትተው በአቅራቢያቸው ወዳለ፣ ከዚያ በፊት ረግጠውት ወደማያውቁት ጋራዥ ወሰዷት። ባለጋራዡ፣ ቦርጫም ሰው፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ።

"ይቺን? ይቺን አውቃታለሁ! ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ነበረች። ሞተሩ ወርዶ ካልተሠራ ብርድ ላይ አትነሳም ብዬ መለስኳት። ወፍራም ዘይት ሞልተው ድምፅዋን አፍነውልዎታል።"

"ማን ነበር ያመጣት?"

"የጆሮ የልጁ ባል። መኪናዋ የሱ አልነበረች? ሞተር የማወርደው እኔ ስለሆንኩ ጆሮም አብሮት መጥቶ ነበር፤ እዚችው ቆሞ ያልኩትን ሁሉ ሰምቷል።"

ጥርስ ሠሪው እዚህ ላይ ጋዋናቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ፈቱት፣ መልሰውም አጣጠፉት።

"ጆሮ ጋራዥ በእግሬ ሄድኩ" አሉ በመጨረሻ። "መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። 'ውጣ' አልኩት። እግሩ ድምፄን አወቀ መሰለኝ፣ ቀጥ አለ። ቆይቶ ቆይቶ ወጣ። 'ታውቅ ነበር?' አልኩት። ይክደኛል ብዬ ነበር። ቢክደኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ባለጋራዡን እሰድብ ነበር።"

"አልካደም?"

"አልካደም። 'ልጄ አለቀሰችብኝ' አለኝ። 'ባሏ መኪናዋን ሸጦ ማስያዣ ካላስገባ ሥራው ሊያመልጠው ነው። ለሌላ ሰው እንዳልወስዳት ሌላ ሰው መካኒክ ይዞ ይመጣል። መካኒክ ሳይዝ የሚመጣ አንተ ብቻ ነህ።'"

"እንዲህ ብሎ ተናገረ?"

"ልክ እንዲህ። እኔም አፉን ነበር የማየው፤ ልማድ ነው። የላይኛው ጥርሱ ከሠራኋቸው ሁሉ ያምራል። በሠራሁለት ጥርስ እንደዚያ አለኝ።"

የጆሮ ሚስት ቤታቸው መጥታ አለቀሰች፤ ባለቤታቸውም አብረዋት አለቀሱ፤ እሳቸው ጓሮ ገብተው ሲሞርዱ ዋሉ። ቦርጫሙ ባለጋራዥ ሞተሩን አውርዶ ከሥር እስከ ላይ ሠራው። ከዚያ ወዲህ በውርጭም ቢሆን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች አሉኝ፤ ማለዳ መጥቼ ራሴ እንዳይ፣ የፈለግሁትን መካኒክ ይዤ እንድመጣ፣ የዘይቱንም ክዳን ራሴ እንድከፍት አጥብቀው ነገሩኝ።

የቤታቸውን አቅጣጫ በወረቀት ጻፉልኝ። ስነሳ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

"ጋሼ፣ እንዲህ ተሠርታ ካበቃች ታዲያ ለምን ይሸጧታል?"

የመኪናዋን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ነው የመለሱልኝ።

"ጠዋት ሳስነሳት ድምፅዋ ልክ ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? ሃያ ሁለት ዓመት የሚሰማልኝ እሱ ነበር። ሳላስበው ስልኬን አንስቼ እደውልለታለሁ። ሁለት ጊዜ ገና መጥራት ሲጀምር ዘግቼዋለሁ። ሦስተኛው ላይ 'ሃሎ' ሳልለው ውሰድልኝ።"