የበረንዳውን በር ማጠፊያ የቀየርኩ ዕለት

ወንድሜ በሞተ ማግስት እኔ እያፏጨሁ የበር ማጠፊያ እቀይር ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። አክስቴ ታውቃለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ እንኳ ሰምታለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ቤታችን ከዓባይ ወዲህ ባለችው ከተማችን፣ አራዳ በሚባለው ሰፈር፣ ጣሊያን ሠርቶ ከተዋቸው ቤቶች አንዱ ነው። ፊት ለፊቱ ዙሪያውን በመስታወት የተዘጋ በረንዳ አለው፤ ወንድሜ በዘይት ቆርቆሮ አበባና የሎሚ ችግኝ የሚያሳድገው እዚያ ነበር። ከግቢው ወደ በረንዳው የሚያስገባው በር ባለ ሁለት ክንፍ ነው። የግራው ክንፍ ግን ማጠፊያዎቹ ተበልተው፣ መስታወቱን መሸከም አቅቷቸው፣ ዘሞ ሲሚንቶው ላይ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። በቀኙ ብቻ እየወጣን እየገባን ለመድነው።

ወንድሜ ጀርባውን ለመታከም ሚስቱን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፣ ለጊዜው ግን በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፣ በዚህ ሳምንት ይወጣል ተባለ። እኔም እሱ ከመምጣቱ በፊት በሩን በገዛ እጄ ላስተካክል ቆርጬ ተነሣሁ። በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። «አናጢ ጥራ! ያንተ እጅ ጠመኔ እንጂ መዶሻ መች ያውቃል?» አለኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ውሸት አልተናገረም። ግን ነደደኝ። ሲመጣ ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ዊልቸሩን ራሴ እየገፋሁ አስገብቼ አፉን ላስይዘው ፈለግሁ። ያን ሰሞን ከዚህ ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም።

ቅዳሜ ጧት ማጠፊያዎቹን ገዝቼ ስመለስ አክስቴ በረንዳው ላይ ቆማ አገኘኋት። የአባቴ እህት ናት፤ ከእኛ ሁለት አጥር አልፋ ነው የምትኖረው። ሰላምታም ሳትሰጠኝ በሩን አሳየችኝ።

«ምነው፣ ይህ በር እስከ መቼ ነው? ዛሬውኑ ጨርሰው።»

«ምን አስቸኮለሽ እቴቴ? ለክፉም ለደጉም ለክቼዋለሁ፤ ዊልቸሩ በአንዱ ክንፍም ለጥቂት ያልፋል።»

«አያልፍም» አለች። «ሁለቱም ይከፈት። የሚሸከሙት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ።»

የበረንዳው ደረጃ አለ አይደል፣ ዊልቸሩን ከነሰውየው አንሥተው የሚያወጡትን ሰዎች ማለቷ ነው ብዬ ተቀበልኳት። እንዲያውም አርቆ አሳቢነቷን አደነቅሁ።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ማጠፊያዎቹ ላይ የስንት ዘመን ቀለም ተደራርቦ የብሎኖቹ ራስ የት እንዳለ አይታይም። በምላጭ ፋቅሁ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አደረግሁ፣ ካቻቢቴው እየሸሸ መዳፌን ሁለት ጊዜ ሸነተረው። ያላልኩት እርግማን የለም። አንዱ ብሎን እንቢ ብሎ ራሱ ተቆርጦ ቀረ፤ እሱን በመሮ ፈልፍዬ ለማውጣት ግማሽ ቀኔ አለቀ። የመጀመሪያውን ማጠፊያ ሳወጣው መሐሉ ያለው ዘንግ ተበልቶ ክር አክሏል። ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደቆመ እግዜር ይወቀው።

ብሎኖቹ የነበሩበት ቀዳዳ ደግሞ ሰፍቶ አዲሶቹን አልይዝ አለ። የክብሪት እንጨት ኮላ እየቀባሁ ጠቀጠቅሁበት። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ ራሱ ወንድሜ ነው። ክንፉን ከሥር በእንጨት ደግፌ ከላይኛው ማጠፊያ ጀመርኩ፤ አክስቴ እንዳይወድቅብኝ በትከሻዋ ገፍታ ያዘችልኝ። ብሎኑ እየነከሰ ሲገባ ደስ አለኝና የሠርግ ዘፈን ማፏጨት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ይንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ቀና ብል አክስቴ እንባዋ ይወርዳል።

«ምን ሆንሽ?»

«አቧራ ገባብኝ።»

«ታዲያ አትነቃነቂብኛ! እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ምን ያነፋርቅሻል?» አልኳት።

አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኳት። ሆድ ይፍጀው ብላ ጥርሷን ነክሳ የመጨረሻው ብሎን እስኪገባ በሩን ያዘችልኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አለቀ። የግራውን ክንፍ በአንድ ጣቴ ገፋሁት፤ ሲሚንቶውን ሳይነካ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። ቀኙንም ከፈትኩት። ወይ ደስታ! ፎቶ አነሣሁና «በሁለቱም ክንፍ ና! አናጢ አልጠራሁም» ብዬ በወንድሜ ስልክ ላክሁለት። ወዲያው ብደውል አይነሣም። ሐኪም እያየው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከእሱ ስልክ መልስ መጣልኝ።

«እሺ። እየመጣን ነው።»

እንደ ልጅ ዘለልኩ። አክስቴን አቅፌ «እየመጡ ነው፣ እቴቴ!» አልኳት። «አዎ፣ እየመጡ ነው» አለችና ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ የግቢው በር ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባታችንና አምስት ስድስት ጎረቤቶች ናቸው። በዚህ ሰዓት ምን አመጣቸው ብዬ አልጠየቅሁም። ወንድሜን አብረውኝ ሊቀበሉ መጡ ብዬ፣ አይ የኔ ነገር፣ ሁለቱንም ክንፍ ከፈትኩላቸው። «ግቡ፣ ግቡ፤ በሁለቱም በኩል ግቡ! እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳቸው። አንድም ሰው በሩን አላየውም። ከኋላቸው አክስቴ ገባች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ዳኛው መርዶውን ከመናገሩ በፊት ገባኝ፤ ወንድሜ ዓርብ ድንገት አርፎ ኖሯል።

ረፋዱ ላይ መኪናው ደረሰ። ቤቱን ተሰናብቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ ሳጥኑን ወደ ውስጥ ያስገቡት ጀመር። ሦስት ሰው በግራ፣ ሦስት ሰው በቀኝ። ሁሉም ይጮኻል፤ እኔም እጮኻለሁ። ግን ዓይኔ የት እንደነበር ልናገር? ማጠፊያው ላይ ነበር። ሳጥኑ ክንፉን ሳይነካ ሲያልፍ፣ ከዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል፣ እፎይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እፎይ ነው ያልኩት።

አክስቴን ለብዙ ጊዜ ተቀየምኳት። መርዶ በጨዋ ደንብ፣ ጧት፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር አጥቼው አይደለም፤ እኔም ለሌላው አድርጌዋለሁ። ግን እንዴት አንድ ቀን ሙሉ ስስቅ ታየኛለች? በኋላ ስጠይቃት «ብነግርህማ እጅህ መች ይታዘዝልህ ነበር? በሩንስ ማን ይከፍትለት ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን አልቀለለኝም።

በሠልስቱ የወንድሜ ሚስት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ከማቋ ሥር የወንድሜን ስልክ አወጣችና ፎቶዬን አሳየችኝ። ሁለቱ ክንፎች ተከፍተው ይታያሉ።

«የመለስኩልህ እኔ ነኝ» አለች። «ሬሳውን ይዘን ዓባይ በረሃን ስንወርድ ደረሰኝ። እንዳላስደነግጥህ አስጠንቅቀውኛል፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ደስ ብሎህ ጻፍክ። ምን ልበልህ? ውሸት መናገር አልቻልኩም። እየመጣን ነበር እኮ።»