ከሜሞሪ ያስወጣሁት ማስታወሻ

ሳውዲ፣ ጂዛን ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬና ከፊሌ አቡ ፈይሰል መስታወቱ የተሰነጠቀ ታብሌት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ይሄን አስተካክል አለኝ። ቢሮው ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ እኔ ብቻ ነበርኩ። ታብሌቱ በአል-ዒዳቢ ተራሮች እየዞሩ የሚያክሙ ነርሶች መዝገብ ነው። መተግበሪያው ሲከፈት የበሽተኛውን ሁሉ መዝገብ ሜሞሪ ላይ ይጭናል፤ ሜሞሪው ሲሞላ ድርግም ብሎ ይዘጋል። እንደገና እስኪከፈት በሽተኛው ፀሐይ ላይ ይጠብቃል።

ነርሶቹ እሑድ ይወጣሉ፣ ያላ፣ ፍጠን አለኝ። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የሚያሳድስልኝ እሱ ነው፤ ጊዜ ስጠኝ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ?

ለሜሞሪው ጣሪያ አበጀሁለት። ሁለት መቶ መዝገብ ሲሞላ፣ ከተከፈተ ብዙ የቆየው ይወጣል፤ ሲፈለግ ከታብሌቱ ፋይል ተመልሶ ይነበባል። ቢሮ ውስጥ ሞከርኩት፤ አንዴም አልተዘጋም። ጉረኛ ነኝና ለሰው ሁሉ አወራሁ። እሑድ ነርሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ኮዱን ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። መዝገቡን የሚያስወጣው ትእዛዝ፣ የተጻፈው ተልኳል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቢሮ ዋይፋይ ስላለ የጻፍኩት ሁሉ ወዲያው ሰርቨር ይደርስ ነበር። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። ነርሶቹ ሳምንቱን ሙሉ ጽፈው የሚልኩት ሐሙስ ማምሻውን ሲወርዱ ነው፤ ፋይሉ ላይ የሚቀመጠው ከተላከ በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ አዲሱ ጽሑፍ ያለው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው የእሑዱ ነው ማለት ነው።

እሑድ ታብሌቱን ይዛ የወጣችው ነርስ፣ ሲስተር ሐሊማ ጋ ደወልኩ። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ እስከ ማክሰኞ ሠርታ፣ ታብሌቱን ለተረኛዋ አስረክባ ወርዳለች። እሑድ መጀመሪያ ማንን እንዳየች ጠየቅኋት።

"አንዲት አሮጊት። መርፌው ፊታቸውን አሳበጠው፣ መተንፈስ አቅቷቸው በስንት መከራ ተረፉ። እንዳይደገም ብዬ ጽፌያለሁ።"

"ሁለተኛ መርፌ ታዞላቸው ነበር? ለመቼ?"

"ዛሬ። ምነው ወንድሜ?"

ለተረኛዋ በቃል ነግራት እንደሆነ ጠየቅኋት። መዝገቡ ላይ አለ ብዬ አልነገርኳትም፣ አለች።

ተረኛዋ ያለችበት ስልክ አይሠራም። ለአቡ ፈይሰል ስነግረው ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ አገሬ እንደሚሰደኝ አልተጠራጠርኩም፤ ግን ሴትዮዋ ከሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝና ነገርኩት። አልተቆጣም። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ግባ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሊማ ወደነገረችኝ መንደር የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ አላልቅ አለኝ።

ስንደርስ አሮጊቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ነርሷ መርፌውን ይዛለች። አቡ ፈይሰል ከበሩ ሆኖ ጮኸባት፤ እጇ ባለበት ቆመ። ለካ አሮጊቷ ይሄ ነው ያሳበጠኝ ብለው ተከራክረዋት ኖሯል። ነርሷ ታብሌቱን አሳይታ፣ እዚህ ላይ እንዲህ የሚል የለም አለቻቸው። ማንበብ አይችሉም። እኔው ተሳስቼ ይሆናል ብለው ክንዳቸውን ሰጧት። ይህን ስሰማ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ስንመለስ አቡ ፈይሰል፣ ከእንግዲህ ሙከራህን እዚያ ተራራ ላይ ታደርጋለህ፣ ኸላስ፣ በቃ አለኝ። ዛሬም ሜሞሪ የሚያስለቅቅ መስመር ስጽፍ፣ ተልኳል ወይ ብሎ የሚጠይቀውን አስቀድሜ እጽፋለሁ።

ፕሮግራም መጻፍ ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። አዲስ ጽሑፍ በመጀመሪያ ፋይል ላይ ይቀመጥ። ሰርቨሩ ደርሶኛል ሳይል ከሜሞሪ አይውጣ። ስትሞክሩት ኔትወርኩን አጥፉ።