የማንጎ ዛፍ ሥር በረኞች

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን ገበያ ማንጎ ልገዛ ጎንበስ አልኩና፣ ሳላስበው አንዱን አንስቼ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት። ሻጯ እጄን በዓይኗ ስትከተል ቆየችና፣ «እህቴ፣ ትገዥዋለሽ ወይስ ትመረምሪዋለሽ? እሱ እንደሆነ በሽተኛ አይደለም!» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አውራ ጣቴ ግን ከፍሬው ላይ ቶሎ አልተነሳም። ልጅ እያለሁ ዕጣዬ የሚቆረጠው በዚህ ዓይነት መጫን ነበር። በረኛ ነበርኩ። ነገሩን በትክክል ላስቀምጠው ካልኩ፣ በረኛ ለመሆን ከምንም ነገር በላይ የምመኝ ልጅ ነበርኩ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን ትምህርት ቤታችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አቋቋመ። ለበረኝነት የተመረጥነው ሁለት ነን፤ እኔና ምህረት። ምህረት የአባቴ የአጎት ልጅ ልጅ ናት። ወላጆቿ ጫኖ በምትባል የገጠር መንደር በመስኖ ፍራፍሬ ያለማሉ፤ እሷ ግን ለትምህርት ብላ አርባ ምንጭ እኛ ቤት ነበር የምትኖረው። ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች፣ ከአንድ ሳህን ትበላለች። ይህን አስቀድሜ የማስረዳው በምክንያት ነው። ሌሎች ልጆች የሚቀኑባትን ልጅ ትምህርት ቤት ትተዋት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የእኔዋ ግን ደብተሯን ይዛ አብራኝ ትመለሳለች፤ ደርሳም እናቴን «እትዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» ትላታለች። እናቴም ወደ እኔ ዞር ብላ ታየኛለች። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

የሚያሰለጥነን ጋሽ ጳውሎስ ይባላል። በወጣትነቱ በረኛ ነበር፤ በእኛ ጊዜ ግን ከጫኖ ማንጎና ሙዝ እየሰበሰበ በአይሱዙ የሚያስጭን ሰው ሆኗል። ርዕሰ መምህራችን ለምነውት ሊያሰለጥነን ተስማማ። ችግሩ ቅዳሜ፣ እኛ ነፃ በምንሆንበት ቀን፣ እሱ ሥራ ላይ ነው። እሱ ወደ ሜዳው መምጣት ስላልቻለ እኛን ወደ ማንጎው ወሰደን። እናቴ «ልጄን ለጉልበት ሥራ ነው እንዴ የሚወስድብኝ?» እያለች ስታጉረመርም፣ አባቴ «ተይ እንጂ፣ ቢያንስ ማንጎ ይዛ ትመጣለች» ይላት ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው። ማንጎ ሲለቀም አንዱ ዛፉ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ሥር ቆሞ ከላይ የሚወረወርለትን ይቀልባል። ማንጎ ተንኮለኛ ፍሬ ነው። መሬት ቢመታውም የዚያን ዕለት ምንም አይመስልም፤ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው የተመታበት ቦታ የሚጠቁረውና የሚረግበው። በእጅ ቢቀለብ እንኳ፣ እጅ እንደ ጣውላ ደርቆ ከጠበቀው ያው ነው። ስለዚህ ቀላቢ እጁን ወደ ላይ ልኮ ፍሬውን በአየር ላይ ያገኘውና፣ ከፍሬው ጋር አብሮ እየወረደ ሆዱ ላይ ያሳርፈዋል። ጋሽ ጳውሎስ ደግሞ በረኛ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም ባይ ነው።

«ኳስ እንግዳ ናት» ይለን ነበር፣ ላቡን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ። «እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ተገትረው አይጠብቁም። ወጣ ብለው ይቀበላሉ፤ ከዚያ አብረው ይገባሉ። እንግዳ በጥፊ ሲቀበሉ ያየ አለ?»

«የለም!» እንላለን ሁለታችንም፣ እኔ ከምህረት ከፍ ባለ ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ ከዛፉ ሥር የሚወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የተቆረጠ የማንጎ እንጨት ፈሳሽ፣ ውሃ የጠጣ አፈር፣ የበሰበሰ ሙዝ፣ የመኪና ናፍጣ። የቀለብነውን እያንዳንዳችን በየቅርጫታችን እናደርጋለን፤ ጋሽ ጳውሎስም ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ፍሬ ለይቶ ገለባ ውስጥ ያበስላል። ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ላይ ሁለቱን ቅርጫት ይዞ ይመጣና ቡድኑ በሙሉ ከቦ እያየ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል። ፈተና እንዲህ በአደባባይ ሲታረም ሌላ ቦታ አላየሁም።

የምህረት ማንጎ እንደ ጉንጭ የለሰለሰ፣ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር። ስለ እሷ አንድ ቃል አይናገርም፤ ቅርጫቱን ለልጆቹ ይገፋላቸዋል፣ እነሱም ይሻሙበታል። የእኔ ጋ ሲደርስ ግን ጣቱ ይሰምጣል። «ይቺ እንግዳ እያለቀሰች ነው የገባችው» ይላል በሐዘን። የእኔ ማንጎ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፍየል ይሰጣል። አንድ ቀን አምበላችን አፏ ቢጫ በቢጫ ሆኖ፣ «አንቺ፣ ፍየሏ ቡድን ስታቋቁም ግን ቋሚ ተሰላፊ ነሽ!» ብላኝ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ምህረት ብቻ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ጥፍሬን እቆርጣለሁ። ፀጉሬን ወደ ኋላ አጥብቄ እሠራለሁ። ከካልሲ የሠራሁትን ኳስ ግድግዳ ላይ እያነጠርኩ እቀልባለሁ፤ ስለ በረኛ የተደነገገውን ሕግና የተጻፈውን ምክር ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ምህረት ሕግ አታውቅም። ከላይ ሲወረወር ዝም ብላ ትቆማለች፤ ማንጎው ራሱ እሷን ፈልጎ የሚመጣ ይመስላል። ማታ ቆጮ በሽፈራው ዛፍ ቅጠል ጎመን ቀርቦ ስንበላ ረጃጅም ጣቶቿን አያለሁ። ምኑ ነው የሚለየው? እላለሁ። ጣት ጣት ነው። ማንጎ ሥር ተወልዳ ነው እንጂ፣ እኔም ጫኖ ብወለድ ኖሮ! የጋሞኛ አፏን ገና ወደ አማርኛ እያዞረች ስለነበር «ኳሷ መጣ» ስትል ቶሎ ብዬ «መጣች!» እላታለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ እሷን የምበልጥበት ይህ ብቻ ነበር፤ አንድም ቀን ሳላርማት አላለፍኩም።

በግንቦት ከሴቻው ትምህርት ቤት ጋር ልንጋጠም ሆነ። ሴቻ ከላይ፣ እኛ ሲቀላ ከታች ነን፤ ሽቅብ ወጥቶ ተሸንፎ ቁልቁል መመለስ ምን እንደሚመስል የሁለቱ ሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ ያለው የበረኛ ጓንት አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ጳውሎስ ጨዋታው ዋዜማ ላይ ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሁለታችንንም አይቶ፣ ለምህረት ሰጣት። ምንም አላስረዳም። እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ምክንያት ቢነግረኝ ቢያንስ መልስ እፈልግለት ነበር።

በማግስቱ ሜዳው ዳር ምህረት መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። «እሰሪልኝ፤ በአንድ እጅ አይሆንልኝም» አለች። የጓንቱን ማሰሪያ አሰርኩላት። ውስጡ ሞቆ ነበር፤ የእጇ ሙቀት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬ እንኳ በቀላሉ ላስረዳው አልችልም። እንድትሸነፍ አልፈለግሁም፣ ሲቀላ ናትና። ግን እንድታሸንፍም አልፈለግሁም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ አምበላችን አንድ አገባች። ምህረት የመጣውን ሁሉ ወጣ ብላ እየተቀበለች አብራው ትገባለች። ከእረፍት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆነ፤ ኳሷ እንደ ሳሙና ታሟልጭ ጀመር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሴቻዎች ኮርነር አገኙ። ረጃጅሞቹ ልጆቻቸው በሙሉ ጎሉ አፍ ላይ ተሰበሰቡ። እኔ ከመስመሩ ውጪ ቆሜ ቀጥሎ የሚሆነውን በግልጽ አየሁት። እርጥብ ኳስ በሰው መሃል አይቀለብም፤ በቡጢ ተመትቶ ይርቃል። ምህረት ግን በሕይወቷ በቡጢ የመታችው ነገር የለም። በቡጢ የተመታ ማንጎ ማንጎ አይደለማ! ልትቀልበው ነው፤ ሊያመልጣት ነው፤ ሊገባ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ጓንቱ የእኔ ሊሆን ይችላል።

ኳሷ ተነሳች። የምህረት እጆች ተከፍተው፣ ለስልሰው፣ ወደ ላይ ሲወጡ አየሁ።

«ምቺው!» ብዬ ጮህኩ። «ማንጎ አይደለም፣ በቡጢ ምቺው!»

ለምን እንደጮህኩ አላውቅም። ያ ሁሉ በቃል የያዝኩት ነገር በጉሮሮዬ ፈንቅሎ ወጣ። የምህረት እጆች አየር ላይ ተጨበጡ፤ ኳሷን መታቻት፤ ኳሷም ከሁሉም ራስ በላይ አልፋ ከሜዳው ወጣች። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። አሸነፍን።

ልጆቹ ምህረትን በጭቃዋ ተሸከሟት። ጋሽ ጳውሎስ፣ «እንግዳዋን በቡጢ? ምን ዓይነት ባለጌ በር ጠባቂ ነሽ!» እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የተጠበሰ አሳ በሚሸትተው የሲቀላ መንገድ እየዘፈንን ወረድን፤ እኔ ከኋላ፣ የውሃውን ጀሪካን ይዤ። ማታ እናቴ ትልቁን አሳ ምህረት ፊት አደረገችላት። ምህረት እጇን ሰበሰበች። «እትዬ፣ እሷ ባትጮኽ ገብቶብኝ ነበር። እሷ ናት ያዳነችን» አለች።

አባቴ አጥንት እየለየ፣ «መጮህማ ማንም ይጮሃል» አለ።

ምህረት ከአሳዋ ግማሹን ቆርሳ እኔ ፊት አስቀመጠች። በላሁት፤ ይጣፍጥ ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ደግ መሆኗ፣ ለእኔ ከእጆቿ የበለጠ የሚያስቀና ሆኖ አረፈው።

ምህረት በኋላ ለዞኑ ተመረጠች፤ ለዓመታት ተጫወተች። አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በየበዓሉ ትደውልልኛለች፣ አውርተን አንጠግብም። ያም ሆኖ በረኛ ሳለች የተነሳችውን ፎቶ ስትልክልኝ ፊቷን ከማየቴ በፊት እጆቿን ነው የማየው። እኔ መምህርት ሆንኩ፤ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሴቶቹን በረኞች የማሰለጥነው እኔ ነኝ። የዛሬዎቹ ልጆች የየራሳቸው ጓንት አላቸው። ሜዳው ላይ ብርቱካናማ ኮን እደረድርላቸዋለሁ፤ የትላልቅ በረኞችን ቪዲዮ በስልኬ እያቆምኩ አሳያቸዋለሁ፤ እግር የት መቆም እንዳለበት፣ ወደ አጥቂው መቼ እንደሚወጣ አንድ በአንድ አብራራለሁ። ማን እንደሚሰለፍም ምክንያቱን እነግራቸዋለሁ። ምክንያቱን ማወቅ ቅናትን ያቀልላል ብዬ አስብ ነበር።

በቀደም ግጥሚያ ነበረን። አንደኛዋ በረኛዬ ሄለን ናት፤ ለዚህ የተፈጠረች ልጅ። ሁለተኛዋ ጽዮን ተቀያሪ ወንበር ላይ ጓንቷን አጥልቃ፣ ዓይኗን ከሄለን ላይ ሳትነቅል ተቀምጣለች። ሄለን አንድ ከባድ ኳስ አዳነች፤ ሜዳው ጮኸ። ጽዮን አጨበጨበች፤ ጓንቷ ግን ድምፅ አላወጣም። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ቲቸር» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሄለንን ግን... ጉንፋን ቢይዛትስ?»

ስለ ቡድን መንፈስ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ጓደኝነት የምለው ሁሉ በተርታ ተሰልፎ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ያ ፊት የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እኛ ልጆች ሳለን ተቀያሪ በረኛ ማለት ውሃ የሚያቀብል ሰው ነበር፤ ጨዋታው ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ዞር ብሎ ስሜን አልጠራም።

«ጽዮን» አልኳት። «ተነሺና አሟሙቂ።»